ከዘይላ የመጣው ሞተር

የጀልባ ሞተር ባሕር ወደሌለበት ከተማ ለምን ይመጣል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ጋሽ ሣህሉ እዚህ ስላለ። ጋሽ ሣህሉ ከባቡሩ ዎርክሾፕ ጡረታ ወጥቶ ከጣቢያው ጀርባ ጋራዥ የከፈተ የሰባ ሁለት ዓመት መካኒክ ነው። ከዚህ ከድሬዳዋ እስከ ድንበሩ ደወሌ፣ ከደወሌም እስከ ባሕር ዳርቻዋ ዘይላ የናፍጣ ሞተር ያለው ሰው ስሙን ያውቃል። እኔ ማርቲ እባላለሁ። ሜካኒካል ምሕንድስና ተምሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ዓመት የስፌት ማሽን ስጠግን ከረምኩና ሰልችቶኝ እሱ ዘንድ ገባሁ። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፤ አንተ እለዋለሁ። እሱ ደስ ሲለው ማርቲ፣ ሲናደድ «አንቺ ኢንጂነር» ይለኛል። ማርቲ የሚለኝ አልፎ አልፎ ነው።

ሞተሩ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት በአይሱዙ ተጭኖ ነው። ሹፌሩ ሃሺ መኪናውን በኋላ ማርሽ ወደ ግቢ እያስገባ፣ ገና ሳይቆም አንዲት ሴት ከጋቢናው ዘላ ወረደች። ረጅም ናት፤ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። የሽቲ ቀሚሷ ጫፍ ዘይት ጠጥቷል።

«አዴር ሣህሉ! ሬሳ ይዤልህ መጣሁ» አለች፤ አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው።

«ሬሳ ከሆነ መንገድ ስተሻል፤ እኛ የምንቀበለው በሽተኛ ነው» አለና እጇን ጨብጦ ትከሻዋን በትከሻው ገጨት አደረገ። «ናስቲሆ፣ አባትሽን መስለሽ አረፍሽ!»

ሞተሩን በሰንሰለት አውርደን ጣውላ ላይ እስክናስቀምጠው ድረስ ታሪኩን ተናግራ ጨረሰች። ጀልባዋ ከአባታቸው ለእሷና ለሁለት ወንድሞቿ የቀረች ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣ እያስጠመደች ያስተዳደረቻት ናስቲሆ ስትሆን ወንድሞቿ ድርሻቸውን ሲቀበሉ ነው የኖሩት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሞተሩ ባሕር ላይ ነደደ። ወንድሞቿ ወዲያው ገዢ ፈለጉና አገኙ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹም ቆረጡ። ሐሙስ እስከ ቀትር ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከታየ ጀልባዋ ለናስቲሆ ትጸናለች፤ ካልተነሣ ሐሙስ ከሰዓት ለገዢው ትሰጣለች።

«የዚህ ሐሙስ?» አልኳት።

«የዚህ ሐሙስ።»

«ታዲያ ለምን ሦስት ሳምንት ቆየሽ?»

«አባዮ፣ እህቴ፣ ሞተር ከጀልባ ሆድ ማውጣት እንደ ጥርስ ነቀላ መሰለሽ?»

ጥሩ መልስ ነበር። ቱታዬን ለበስኩ።

የጋለ ሞተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሰው እንጂ ሞተር አይደለም። ምን ያህል ጊዜ ግሎ እንደሠራ ካልታወቀ ምን እንደሚፈለግ አይታወቅም።

«ስንት ደቂቃ ግሎ ሠራ?» አልኳት።

«አምስት።»

ሞተሩን ዞርኩት። የጀልባ ሞተር ጭሱን በጎማ ቱቦ ነው የሚያስወጣው፤ ጎማው የማይቃጠለው ከጭሱ ጋር የባሕር ውሃ አብሮ ስለሚፈስበት ነው። የዚህኛው ቱቦ ከውስጥ ቀልጦ እንደታኘከ ማስቲካ ሆኗል።

«ይህ ጎማ በአምስት ደቂቃ እንዲህ አይሆንም።»

«አሥር ይሆናል።»

የሞተሩ የላይ ክዳን ላይ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ተጠብሶ ቡናማ ሆኗል፤ በጥፍሬ ስነካው ረገፈ። «ናስቲሆ፣ ገበያ አይደለንም። አትከራከሪኝ።»

«አርባ» አለች። ሃሺ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ገመድ እየጠቀለለ ሳቀ።

«አርባ ደቂቃ!» አልኩ።

«ነፋሱ ወደ ውጭ ነበራ! ሞተሩን ባጠፋው ወላሂ ቁርሴን የመን ነበር የምበላው።»

«ከዚያስ? ምን ደፋሽበት?»

«ምንም።»

«ምንም ካልደፋሽ ይህ ምንድነው?» ከክዳኑ ጎን ወደ ታች የወረዱ ነጫጭ መስመሮች አሉ። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው ነው።

መሬት መሬት አየች። «አንድ ባልዲ። እሺ፣ ሁለት።»

ጋሽ ሣህሉ ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ አቦ! በጋለ ብረት ላይ የባሕር ውሃ! አባትሽ ይህን ቢያይ አንቺን ነበር ባሕር የሚከትሽ።»

አሁን የምንፈልገው ታወቀ። የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ይህ ሞተር ዕድሜው ከእኔ በብዙ ይበልጣል፤ የዚህ ዓይነት ክዳን ድሬዳዋም ጅቡቲም አይገኝም። ሌላውን ሁሉ መጠገን ይቻላል። ክዳኑ ከተሰነጠቀ ግን ጀልባዋ ተሸጠች ማለት ነው። ይህን ለናስቲሆ እንዳለ ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልጸለየችም። እጅጌዋን ሰበሰበችና «ቁልፍ ስጪኝ» አለች።

የባሕር ውሃውን ከሚስበው ፓምፕ ጀመርን። ውስጡ የሚሽከረከር ስድስት ክንፍ ያለው ጎማ አለ። ስንከፍተው ሁለት ክንፍ ብቻ ቀርቶታል።

«መለዋወጫ ይኖራል?» አልኳት።

ከቦርሳዋ ከነላስቲኩ የታሸገ አዲስ ጎማ አወጣች። «ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ።»

«ሁለት ዓመት! ለምን አልቀየርሽውም?»

«አሮጌው ይሠራ ነበራ።»

አዲሱን ጎማ ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወደ ክዳኑ ልሄድ ስል ጋሽ ሣህሉ መንገዴን ዘጋው። «የተሰበሩት አራቱ ክንፎች የት አሉ?»

«የትም ይሁኑ፤ አዲሱን እናስገባለን።»

«አንቺ ኢንጂነር! ጎማ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ተንኖ አይጠፋም። አራቱን ሳታሳዪኝ አንድ ቡሎን አትፈቺም።»

ማቀዝቀዣውን ፈታሁት። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ንጹሕ ውሃ በቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች ዙሪያ ያልፋል፤ በቧንቧዎቹ ውስጥ ደግሞ የባሕር ውሃው እየሄደ ያበርደዋል። ከቧንቧዎቹ ግማሹ እንደ ድሬ ማንቆርቆሪያ ውሃ በሚተወው ነጭ ድንጋይ ታፍኗል። ሦስቱን የጎማ ክንፎች አፋፉ ላይ ተወትፈው አገኘኋቸው። አራተኛውን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ጭስ ማውጫው ክርን ውስጥ ከስሎ ተጣብቋል። አምጥቼ ጋሽ ሣህሉ ጫማ ላይ ጣልኩለት። «አራት» አለ፤ አመሰግናለሁ አላለም።

ከሰዓት በኋላ ዘይቱን አፈሰስን። ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ወጣ፤ ውሃ ገብቶበታል። ቴስታታውን፣ ማለትም ክዳኑን፣ በሰንሰለት ስናነሣው በክዳኑና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሐል ተቃጥሎ ተበጥሷል። ጋሽ ሣህሉ ፒስቶኖቹን አንድ በአንድ አወጣ። ሦስተኛው ጎኑ ላይ ትንሽ ተፍቋል፤ ቀለበቶቹ ግን አልነከሱም፣ በጣት ሲገፏቸው ይላወሳሉ። ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን የታች ተሸካሚዎች ከፍቶ በጥፍሩ ዳሰሳቸውና «እነዚህ ዕድለኞች ናቸው» አለ።

እኔ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ ተቃጥሎ የተጣበቀውን ጓርኒሲዮን ፋቅሁት። ቀጥ ያለ መለኪያ ብረት በላዩ አጋድሜ ከሥሩ ስስ መለኪያዎቹን ሰደድኩ። መሐሉ ላይ የሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ያህል ጎብጧል። እሱ ችግር አይደለም፤ ቶርኖ ቤት ይላጋል። ችግሩ ስንጥቅ ነው።

ስንጥቅ የምንፈልግበት ዘዴ ከባቡር ዎርክሾፕ የመጣ ነው። ብረቱን በነጭ ጋዝ ማራስ፣ ትንሽ ማቆየት፣ በጨርቅ ጥርግ አድርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ መነስነስ። ስንጥቅ ካለ የተደበቀው ጋዝ ወደ ላይ ይመጣና ጠመኔውን ያጠቁረዋል። ዩኒቨርሲቲ በነበርኩበት ጊዜ ይህንኑ የሚሠራ በጣሳ የሚመጣ ቀለም አሳይተውናል። ጠመኔው ይረክሳል።

ነሰነስኩ። ናስቲሆ በአንድ በኩል፣ ሃሺ በሌላ በኩል ጎንበስ አሉ። ሁለት ደቂቃ ምንም አልታየም። ከዚያ በሦስተኛው ሲሊንደር ጠርዝ ላይ የጣት ቁራጭ የምታህል ጥቁር መስመር ብቅ አለች።

ጠመኔውን እፍ ብዬ አየሁ፤ መስመሯ አልጠፋችም።

«ተሰንጥቋል» አልኩ። ነገር ማዘግየት አልወድም። «ናስቲሆ፣ አዝናለሁ። ሞተሩ አበቃለት።»

ናስቲሆ መስመሯን ትክ ብላ አየቻት። ስልኳን አውጥታ ወደ መውጫው መሄድ ጀመረች።

«ቁጭ በይ!» አለ ጋሽ ሣህሉ። ለእሷ ይሁን ለእኔ አላወቅንም፤ ሁለታችንም ቁጭ አልን። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አፍንጫው ብረቱን እስኪነካ ጎነበሰ። «ጓርኒሲዮኑን በምን ነው ያነሣሽው?»

«በ... በካቻቢቴ።»

«በካቻቢቴ!» ግቢው አስተጋባ። «የእንጨት መፋቂያ ለምን ጠረብኩልሽ? ለጥርስሽ?»

«ሰዓት የለንማ!»

«ይህ መስመር ቀጥ ያለ ነው። ስንጥቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ደረቅ ወንዝ ይጣመማል። ይህ ያንቺ ጭረት ነው።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ነገ ቶርኖ ቤት ይላጋል፤ ጭረት ሲላግ ይጠፋል፣ ስንጥቅ ግን ይቆያል። ያኔ እንደገና እናያለን።»

ናስቲሆ ስልኳን መለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ሐኪም ብትሆኚ ድሬ ውስጥ ሕይወት ያለው ሰው አይቀርም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ረቡዕ ጠዋት ቶርኖ ቤቱ ሲከፈት ክዳኑን አቅፌ በሩ ላይ ነበርኩ። ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ተራ ይዟል። ናስቲሆ ሦስቱንም በሶማልኛ፣ አንዱን ጨምራ በኦሮምኛ፣ ባለ ቶርኖውን በአማርኛ አነጋገረቻቸው። ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ አንደኛ ሆንን። ማሽኑ ሲልግ ብረቱ መስታወት መሰለ። ወደ ጋራዡ ተመለስን፣ ጋዝ ቀባን፣ ጠረግን። ጠመኔውን የነሰነሰው ጋሽ ሣህሉ ነው፤ እኔ እንዳልነካው ከለከለኝ። አሥር ደቂቃ እንድንጠብቅ አዘዘ። አሥር ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። በሦስተኛውም፣ በሌሎቹም፣ ሁሉም ጋ ነጭ ነው።

ናስቲሆ እልል አለች። ከግቢው በር አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ፋርሒያ ምን እንደተፈጠረ ሳታውቅ ከውጭ እልልታውን ተቀበለች። ቀጥሎም ፊትለፊት ያሉት ጎሚስታዎች አፏጩ። እኔ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት፤ ጠመኔው ተነሥቶ ፊቴን ነጭ አደረገው።

ጋሽ ሣህሉ ከዚያ በኋላ የሠራውን በፊልም ቀርጬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። አዲስ ጓርኒሲዮን ስለማይገኝ ከመዳብ ቆርቆሮ ላይ አሮጌውን ቅርጽ አሳርፎ በመቀስና በሞረድ ቆረጠው። በእሳት አግሎ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ መዳብ እንዲህ ሲደረግ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል። ናስቲሆ የማቀዝቀዣውን ቧንቧዎች አንድ በአንድ በሽቦ ጠረገች፤ ሃምሳ ሁለት ናቸው። እየጠረገች ስለ ባሕሩ ታወራለች።

«ሞተሩ ከመንደዱ በፊትም ይሞቅ ነበር» አለች። «በሐጋ፣ በሞቃቱ ወራት፣ የሙቀቱ መርፌ ሁልጊዜ ወደ ቀዩ ያዘነብላል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። ለምደነው ነበር።»

እጄን አቆምኩ። የጎማው ክንፍ የተሰበረው በቅርብ ነው። ቧንቧዎቹም የታፈኑት ቀስ በቀስ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን? «ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት አይሞቅም ነበር። አባቴ እዚህ አምጥቶ ካሠራው ወዲህ ነው።»

«እዚህ የት?»

«እዚህ። አዴር ሣህሉ ጋ።»

የጋሽ ሣህሉ የሞረድ ድምፅ ተቋረጠ፤ ከዚያ ቀጠለ።

ከክዳኑ ፊት ያለውን የውሃ ቤት ከፈትኩ። በሙቀት እየተከፈተ ውሃ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት የሚቀመጥበት ክብ ወንበር ባዶ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ እዚህ አገር ማንኛውም መካኒክ ማንኛውንም ሞተር ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። «በረሃ ነው፣ ሞተሩ ይተንፍስ» ይላሉ። ለብዙ መኪና ጉዳቱ አይታይም።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ይህን ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ እኔ ነኝ! ማን ሊሆን ነው? ድሬ ላይ ቴርሞስታት የሚያስቀምጥ መካኒክ አሳዪኝ።»

«ይህ ድሬ ላይ አይደለም የሚሠራው።»

«ዘይላ ደጋ ሆነች እንዴ?»

ናስቲሆ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። አከበርኩት ብዬ ዝም ብል ሞተሩ በሚቀጥለው ሐጋ ተመልሶ ይነድዳል። ጠመኔ አንሥቼ ሲሚንቶው ላይ ሣልኩ። «ውሃው ከሞተሩ ሲወጣ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ረጅም ነው፤ ወደ ማቀዝቀዣው ይሄዳል። ሌላው አጭር ነው፤ ሳይበርድ ወደ ሞተሩ ይመልሰዋል። የዚህ ቴርሞስታት ሥራ ሁለት ነው። ሲከፈት ረጅሙን ይከፍታል፣ ከሥሩ ባለው ሳህን ደግሞ አጭሩን ይዘጋል። አንተ ስታወጣው አጭሩ መንገድ ለዘላለም ክፍት ቀረ። ውሃ ደግሞ ሰነፍ ነው።»

«ሥዕል ነው ይሄ» አለ።

«እንሞክረዋ!»

ክዳኑን አቆምን። ሃሺ ውሃ አፈሰሰበት፤ ጋሽ ሣህሉ ሁለት ጣሳ ይዞ ከሁለቱ መውጫዎች ሥር ቁጢጥ አለ። በአጭሩ መንገድ ሥር ያለው ጣሳ ሞልቶ ሲፈስ የሌላው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ጋሽ ሣህሉ አንዱን ጣሳ ከሌላው ጎን አድርጎ አየ።

ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ናስቲሆ! አባትሽ 'ሣህሉ፣ ሞተሩ ሞቀኝ ይላል' እያለ በየዓመቱ ሲደውል ምን እለው ነበር? 'ባሕሩ ነው የሞቀው' እለው ነበር!»

«እሱም ያምንህ ነበር» አለች። «ለእኛም 'ሣህሉ ባሕሩ ሞቋል ብሏል' ይለን ነበር።» አሁን እሷም ሳቀች።

«እንግዲህ ባሕሩ ይቅር ይበለኝ» ብሎ ተነሣ። ከጓዳው አንድ የዘይት በርሜል እያንከባለለ አመጣና ገለበጠው። ቴርሞስታት ተዘረገፈ፤ መቶ ሳይሆን አይቀርም። የአይሱዙ፣ የፔጆ፣ የአሮጌ ፊያት፣ ስሙ የማይታወቅ ሁሉ።

«እነዚህን ሁሉ አንተ ነህ ያወጣሃቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አስቀመጥካቸው?»

«የባቡር ሰው ዕቃ አይጥልም» አለ፤ ይህን ሲል ቀጥ ብሎ ቆመ።

መሬት ላይ ተቀምጠን መረጥን። ስፋቱ ልክ መሆን አለበት፤ ከሥሩም ሳህን ሊኖረው ይገባል። ሰባት አገኘን። ግን የትኛው ይሠራል? ሁሉንም በሽቦ አሥሬ ፋርሒያ ጋ ሮጥኩ። ትልቁ ድስቷ ውሃ እያፈላ ነው።

«ድስቴን!» አለች።

«አምስት ደቂቃ።»

«ለሻይ ያፈላሁት ነው፣ ማርቲ! ናፍጣ ነው የምታጠጪኝ?» ቢሆንም ለማየት ቀረበች። ሻይ የሚጠጡት ሁሉ ወንበራቸውን ወደ ድስቱ ሳቡ።

ቴርሞሜትሬን ያዝኩ። ሰባ፣ ሰባ አምስት። ሰማንያ ሲሞላ አንዱ አፉን ከፈት አደረገ። ሰማንያ ሁለት ላይ ደግሞ ሌላው እንደ አበባ ተከፈተ፤ ሳህኑም ወደ ታች ወረደ። አምስቱ እንደ ደንቆሮ ተቀመጡ።

«ያ ትልቁ ያሸንፋል ብዬ ነበር» አለ አንዱ ሻይ ጠጪ ቅር ብሎት።

ሁለተኛውን አወጣሁት። ፋርሒያ ድስቷን ወደ ውጭ ደፍታ ውሃ እንደገና ጣደችና «የጀልባ ሾርባ አልሸጥም» አለች።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉም ነገር ተገጥሟል። አንድ ነገር ግን አስቀድመን አላሰብንበትም። የጀልባ ሞተር ያለ ማቋረጥ ውሃ ይስባል፤ ከእኛ ቧንቧ ደግሞ ውሃ የጠፋው ከሰኞ ጀምሮ ነው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ናስቲሆ ወደ መንገድ ወጣች። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት የአህያ ጋሪ በርሜል፣ የጎሚስታዎቹ ጎማ መሞከሪያ ገንዳ፣ የፋርሒያ ሮቶ ግማሽ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሰዎች የያዟቸው ጀሪካኖች ግቢውን ሞሉት። ሰዉም አብሮ ገባ።

«መርከቡ የታለ?» አለ አንዱ።

«ከዚራ ሰፈር ቆሟል» አለው ሃሺ። «ትኬት ቁረጥ።»

ባትሪውን ከሃሺ አይሱዙ ወሰድን። ጋሽ ሣህሉ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። አዞርኩት። አጉረመረመ፣ ቆመ። እንደገና አዞርኩ። ነጭ ጭስ ተፋና አሳለ። በሦስተኛው ያዘ።

ሰዉ ጮኸ፤ እኔ ግን መርፌውን ነበር የማየው። አርባ። ስድሳ። የጭስ ማውጫው መጀመሪያ ጥቁር ውሃ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ ተፋ፤ መንገዱ ላይ ያለው አቧራ ረጠበ። ሰባ አምስት። ሰማንያ። ሰማንያ አምስት። መርፌው አልቆመም። ሰማንያ ስምንት ሲደርስ እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር።

«ቆዪ» አለ ጋሽ ሣህሉ ጆሮዬ ሥር።

«ዘጠና ሊገባ ነው!»

«አንድ ጊዜ እንኳ ቆዪ፣ ማርቲ።»

ቆየሁ። መርፌው ዘጠና ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንደ ፈራ ሰው ወደ ኋላ ተመለሰ። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ሦስት። እዚያው ቆመ። ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን ቧንቧ ነካሁት፤ ግሏል። የቴርሞስታቱ በር ተከፍቷል። አጭሩን ነካሁት፤ ለብ ብሎ ቀርቷል።

አንድ ሰዓት አስነሥተን አቆየነው። ሰው በሰንሰለት ተሰልፎ ባልዲ ያቀባብላል፤ መርፌው ከሰማንያ ሦስት ፈቀቅ አላለም። ዘይቱን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። አምስት ተኩል ሲሆን ናስቲሆ ስልኳን አውጥታ በቪዲዮ ደወለች። ታላቅ ወንድሟ መሃድ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ከጎኑ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ ተቀምጧል።

«ይኸው» አለችው።

«ይሄ የአይሱዙ ድምፅ ነው» አለ መሃድ። በሶማልኛ ነበር የሚያወሩት፤ ሃሺ ለእኛ እየተረጎመ ነው።

ናስቲሆ ስልኩን ወደ ጭስ ማውጫው ወሰደችው። «አይሱዙ ውሃ ሲተፋ አይተህ ታውቃለህ?»

ስልኩን ሽማግሌው ተቀበለው። ሙቀቱን አሳዩኝ አለ፤ መርፌውን አሳየሁት። ዘይቱን አሳዩኝ አለ፤ አሳየሁት። «የትኛው መካኒክ ነው የሠራው?» አለ።

ጋሽ ሣህሉ ወደ እኔ ጠቆመ። ሽማግሌው ፊቴን አየ፤ ትናንት የታጠብኩት ጠመኔ ቅንድቤ ላይ ቀርቶ እንደነበር የነገሩኝ በኋላ ነው። አንገቱን ነቀነቀና አንድ ነገር ተናገረ። ሃሺ መተርጎሙን ረስቶ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ስለዚህ ለሁላችንም ገባን። ጀልባዋ የናስቲሆ ሆነች።

መሃድ ስልኩን መልሶ ተቀበለ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ማን ሊነዳት ነው ታዲያ?»

«እኔ።»

«አንቺ መረብ እንጂ መሪ መቼ ያዝሽ?»

«እንግዲያው ና ንዳ። ግን ከአሁን በኋላ ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ አርፍደህ ብትመጣ ጥዬህ እሄዳለሁ።»

«ከንጋቱ ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» አለ መሃድ።

«አሥራ አንድ። ገዢውን ሻይ ጋብዘህ ሸኘው» ብላ ዘጋችው።

ሞተሩን አጠፋሁት። ድንገት ዝም ሲል የሁላችንም ጆሮ ይጮህ ነበር። ሃሺ ባትሪውን መልሶ ገጠመና አይሱዙውን አስጠጋ። ሰንሰለቱን ላመጣ ስል ግን ባልዲ ሲያቀባብሉ የነበሩት ሁሉ ሞተሩን ከብበውታል፤ ጎሚስታዎቹ፣ ባለ ጋሪዎቹ፣ ሻይ ጠጪዎቹ። ያ ትልቁ ቴርሞስታት ያሸንፋል ያለውም አለ። ሃያ ሰው ለአንድ ሞተር ይበዛል፤ አንዱ የሌላውን እግር ይረግጣል፣ የሚያዘው ከሚያነሣው ይበልጣል። ሰንሰለቱ ይፈጥናል ብዬ ጮህኩ። ማንም አልሰማኝም። ቁልፌን ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ባዶ ቦታ ፈልጌ እጄን አስገባሁ።